ልጆችን ለትምህርት ቤት ስናስረክብ ደጋግመን የምንሠራቸው ስህተቶች

ደሴ ውስጥ በአንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ምክትል ርዕሰ መምህርት ነኝ። ጠዋት ተማሪዎች ሲገቡ፣ ማታ ሲወጡ በሩ ላይ እቆማለሁ። የልጆች ደኅንነት ሲነሣ ወላጆች አብዝተው የሚጠይቁኝ ስለ አጥሩና ስለ ጥበቃው ነው። አጥር ያስፈልጋል። እኔ ያየሁት ጉዳት ግን በአጥር ዘሎ አይመጣም፤ የሚመጣው ቤተሰብ ትምህርት ቤቱን፣ ትምህርት ቤቱም ቤተሰቡን ተማምኖ ማንም ሳያየው በተወው ቦታ በኩል ነው። እዚህ የማነሣው በቤተሰብ በኩል ያለውን ነው።

የባጃጅ ኮንትራት በዋጋ ብቻ መያዝ

ባጃጅ ከኋላ ሦስት ሰው እንዲጭን የተሠራ ተሽከርካሪ ነው። ጠዋት በር ላይ ግን ከአንዱ ባጃጅ ስድስት ሰባት ሕፃናት ሲወርዱ አያለሁ። ሁለቱ ከሹፌሩ ግራና ቀኝ ተለጥፈዋል፤ የአንዷ እግር በክፍቱ ጎን ወደ ውጭ ተንጠልጥሏል፤ ሹፌሩ መሪውን ለማዞር የልጁን ጉልበት በክንዱ ገፋ ማድረግ አለበት። ይህ ደግሞ ሜዳ ላይ የሚሆን ነገር አይደለም። ከጦሳ ተራራ ሥር በተዘረጋ ከተማ፣ ቁልቁለት ላይ፣ ጉሙ ወርዶ ከፊት ያለው መኪና መብራቱ ብቻ በሚታይበት ጠዋት ነው። ኮምቦልቻ ያሉ የሙያ ባልደረቦቼ ሌላ ጭንቀት አለባቸው። ከተማዋ ወደ ባቲና ሚሌ ወርዶ ጅቡቲ የሚያደርሰው መንገድ መገንጠያ ስለሆነች፣ ሕፃናቱ አስፋልት የሚያቋርጡት ከከባድ ጭነት መኪኖች ጋር እየተጋፉ ነው።

ወላጆችን ስጠይቅ የወር ክፍያውን ሁሉም ያውቀዋል። የሹፌሩን ሙሉ ስም፣ የሰሌዳ ቁጥሩን፣ ስንት ልጅ እንደሚጭን የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው። ከመስማማታችሁ በፊት መንጃ ፈቃዱን እዩ፤ ሰሌዳውን ጻፉ፤ አንዱን ቅጂ ለእኛ ስጡን። አንድ ጠዋት ሳታሳውቁት መጥታችሁ ልጆቹን ቁጠሩ። በአንድ ባጃጅ የሚጓዙ ልጆች ቤተሰቦች አንድ ላይ ሆነው ቁጥሩን እንዲቀንስ ከጠየቁት ክፍያው መጨመሩ አይቀርም፤ ኑሮው እንደከበደም አውቃለሁ። አቅም ካልፈቀደ የሰፈሩ ልጆች ተሰብስበው ከአንድ ትልቅ ሰው ጋር በእግራቸው ቢመጡ ይሻላል።

በሩ ሳይከፈት አድርሶ መሄድ

ሥራ የሚያስቸኩላችሁ ከሆነ ንገሩን፤ ቀድሞ የሚገኝ ሰው እንመድባለን። ሳትነግሩን ግን ልጁን መንገድ ላይ አቁማችሁ አትሂዱ።

«አንተስ ምን አድርገህ ነው?»

እዚህ ላይ ትዕግሥቴ ያልቃል። ልጅ ከትምህርት ቤት ተመልሶ አንድ ነገር ይናገራል። ትልልቆቹ ምሳ ዕቃውን ቀምተውታል፤ ወይም መጸዳጃ ቤት አካባቢ አስፈራርተውታል። እናት ወጥ እያማሰለች፣ አባት ስልኩን እያየ «አንተስ ምን አድርገህ ነው? በባዶ ሜዳ ማን ይነካሃል?» ይሉታል። ወይም «ወንድ አይደለህም? ለምን አልመለስክለትም?» ይባላል። አንዳንድ ቤት ቀበቶ ይነሣል። ከዚያች ማታ ጀምሮ ልጁ መናገር እንደሚያስቀጣ ያውቃል፤ ስለዚህ አይናገርም። እናንተ ዝም ሲል ነገሩ ያለቀ ይመስላችኋል። አላለቀም፤ እናንተ ዘንድ መምጣቱ ነው ያለቀው። የምሳ ዕቃውን ነገር ሊነግራችሁ የፈራ ልጅ፣ የባሰው ሲመጣ በምን ድፍረት አፉን ይከፍታል?

ሕፃናትን የሚያጠቁ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ ልጁ የሚያውቃቸው ናቸው። ብዙዎቹ በአንድ ጊዜ አይጀምሩም። ብስኩት ሰጥተው «ለእናትሽ እንዳትነግሪያት» ይላሉ፤ ከዚያ ነገሩ ቤት ይደርስ እንደሆነ ይጠብቃሉ። ቤት ካልደረሰ አንድ እርምጃ ይቀጥላሉ። ቤት ውስጥ የማይደመጥ ልጅ ለእነዚህ ሰዎች የተመቻቸ ነው።

አንዲት የአራተኛ ክፍል ተማሪ ነበረችን። መውጫው ሲቃረብ ሆዴን አመመኝ እያለች ታለቅሳለች። ጤና ጣቢያ ወስደዋት ምንም አልተገኘባትም። እናቷ ስንፍና ነው አሉን። ለካ በምትመለስበት መንገድ ላይ ያለ አንድ ባለ ሱቅ በየቀኑ እየጠራ ያስቸግራታል። ቤት ነግራ ነበር፤ የተመለሰላት «አንቺ ምን ልትሠሪ ሱቅ ደጃፍ ትቆሚያለሽ?» የሚል ነው። ለእኛ የነገረችን ጓደኛዋ ናት።

እንዴት እንደሚደመጥ ማየት ለሚፈልግ አንድ አያት አሉን። የልጅ ልጃቸው እያለቀሰ ሲወጣ ምርኩዛቸውን ግንቡን አስደግፈው ቁጢጥ ይላሉ። ፊታቸው ከፊቱ ጋር እኩል ሲሆን «አብሽር፣ እኔ አለሁ። ቀስ ብለህ ንገረኝ» ይሉታል። እስኪጨርስ አንድ ቃል አይናገሩም። ቀጥለው እጁን ይዘው ወደ እኔ ይመጡና የሰሙትን ሳይጨምሩ ሳይቀንሱ ያስረዱኛል። እንዲህ በጊዜው የደረሰን ነገር ብዙውን ጊዜ በማግስቱ መፍትሔ ያገኛል።

የሕፃን ጥቃትን በሽምግልና መሸፈን

ወሎ በእርቅ የታወቀ አገር ነው። አባጋር የምንላቸው አስታራቂ ሽማግሌዎቻችን ደም ያደርቃሉ፤ በዚህ እኮራለሁ። የሕፃን መደፈር ግን ለእርቅ የሚቀርብ ጉዳይ አይደለም። በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 626 እና 627 የሚያስቀጣ ከባድ ወንጀል ነው፤ ካሣ ተከፍሎ፣ ጋቢ ለብሰው የተቀመጡ ሽማግሌዎች መርቀው የሚዘጉት አይደለም። የቤተሰብ ስም እንዳይነሣ ተብሎ ሰው ሲሰበሰብ የሚባክነው ሰዓት የልጁ የሕክምና ሰዓት ነው። የኤችአይቪ መከላከያ መድኃኒት መጀመር ያለበት በ72 ሰዓት ውስጥ ነው፤ በፈጠነ ቁጥር ይሻላል። ልጁን አትጠቡ። የለበሰውን ልብስ ሳታጥቡ በወረቀት ጠቅልላችሁ በቀጥታ ወደ ሆስፒታል ውሰዱት፤ ለፖሊስም አመልክቱ። «ልጁን» ያልኩት አውቄ ነው፤ ወንዶች ልጆችም ይጠቃሉ፤ የእነርሱ ደግሞ የበለጠ ይደበቃል። በልጁ ፊት «ተበላሸ፣ ተበላሸች» የሚል ቃል ከአፋችሁ አይውጣ።

«ዓይኑን ብቻ ይተዉልኝ እንጂ ይግረፉልኝ»

መስከረም በመጣ ቁጥር ይህን የሚለኝ ወላጅ አላጣም። ልጁ አጠገቡ ቆሞ ይሰማል። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነፃ የመሆን መብት እንዳላቸው ደንግጓል። እናንተ ፈቅዳችሁልኝ እንኳ የምመታበት ሥልጣን የለኝም። ከዚያም በላይ፣ ትልቅ ሰው ሲመታው ችሎ ዝም እንዲል የተነገረው ልጅ ክፉ ሰው ሲመታውም ዝም ይላል።

ወድቆ የተገኘ ብረት

በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴንም ኮምቦልቻንም ረግጦ አልፏል። ጊዜው እየራቀ ሲሄድ ጥንቃቄው ላልቷል፤ ልጆች ደግሞ ብረት ለቅመው መሸጥ ይወዳሉ። ያልፈነዳ ተተኳሽ በዓመታት አይሞትም። የማያውቁትን ብረት እንዳይነኩ፣ እንዳይረግጡ፣ ድንጋይ እንዳይወረውሩበት፣ በመጡበት ተመልሰው ለትልቅ ሰው እንዲናገሩ ደጋግማችሁ ንገሯቸው። ነገሩን ለሰማ ትልቅ ሰውም ሥራው ፖሊስ መጥራት ብቻ ነው። ሄዶ ማየት አያስፈልግም።

የቦርከናንም ነገር አብራችሁ ንገሯቸው፤ ሰኔና መስከረም ላይ ወንዙ ሳይታሰብ ይሞላል።

ካርዱን ፌስቡክ ላይ መለጠፍ

አንደኛ መውጣቷ ደስ ይላል። ሙሉ ስሟ፣ ፎቶግራፏ፣ ትምህርት ቤቷና ክፍሏ በአንድ ወረቀት ላይ ተሰብስቦ ለማያውቋት ሰዎች መድረሱ ግን ደስ አይልም።

የማይነሣ ስልክ ቁጥር

ይህ በተለይ የወሎ ችግር ነው። ብዙ ተማሪዎቻችን እናቶቻቸው ዐረብ አገር ናቸው፤ የሚያሳድጓቸው አያቶች ወይም አክስቶች ናቸው። አንድ ልጅ በዕረፍት ሰዓት ወድቆ እጁ ተሰበረ። መዝገቡን ስንከፍት ያለው የሪያድ ቁጥር ነው። እናት በሥራ ሰዓት ስልክ አይፈቀድላቸውም። አያቱ የሚኖሩት ከትምህርት ቤቱ ብዙም በማይርቅ ሰፈር ነው፤ ስልክም አላቸው፤ ቁጥራቸውን ግን የሰጠን የለም። ሐኪም ቤት ያደረስነው እኛ ነን፤ አያቱ የሰሙት ማታ ነው።

ቅጹ ላይ በመጀመሪያው መስመር ከልጁ ጋር አንድ ቤት የሚያድረውን ሰው ጻፉ፤ በሁለተኛው ቅርብ ጎረቤት፤ ውጭ ያለውን ወላጅ በሦስተኛው። አያቶች ሆይ፣ «እኔ ያልተማርኩ፣ ስብሰባ ምን ያደርግልኛል» አትበሉ፤ ልጁ ማታ ምን እንደሚያወራ የምታውቁት እናንተ ናችሁ፤ እኛም የምንፈልገው እርሱን ነው። ልጁን ሊወስድ የሚችለውን ሰው ስም፣ በፍርድ ቤት የተከለከለ ካለም የእርሱን ስም አስመዝግቡ። «አጎቱ ነኝ» ብሎ ለመጣ ሁሉ ልጅ አንሰጥም፤ እውነተኛውን አጎት በር ላይ ስናቆመው አትቆጡን። ቁጥር ስትቀይሩ በዚያው ሳምንት ለክፍል ኃላፊው መምህር አሳውቁ፤ በልጁ ደብተር መጨረሻ ገጽ ላይ ጽፋችሁ ብትልኩም ይበቃል።