ሞኒተሩ ሲጨልም ካርድ ከመግዛታችሁ በፊት

ደብረ ማርቆስ ላይ ጥሩ ግራፊክስ ካርድ (ምስሉን ወደ ሞኒተር የሚልከው የኮምፒውተር ክፍል) ሲያስፈልግ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከአዲስ አበባ ነው። 300 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ፣ መሃሉ ላይ የአባይ በረሃ። ያን ሁሉ አልፎ የመጣ ዕቃ ችግሩን ካልፈታ አንጀት ያቃጥላል። የሰርግ ቪዲዮ የሚያቀናብር ጓደኛ አለኝ። ጥር ላይ ሥራ ተቆልሎበት ሳለ ሁለተኛው ሞኒተር አልበራ አለው፤ አዲስ ካርድ አስመጣ። ችግሩ የገመዱ መሰኪያ ነበር። ሌላ ሰው ይህ እንዳይደርስበት ብዬ ነው የምጽፈው።

አንድ ነገር አደራ። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ቀይሩ። ገመዱንም ድራይቨሩንም (ዊንዶውስ ካርዱን የሚያዝበትን ፕሮግራም) አብራችሁ ከነካካችሁ የትኛው እንዳስተካከለው አታውቁም። ካርድ ስትነቅሉ ደግሞ መጀመሪያ ኮምፒውተሩን ከሶኬት ንቀሉት።

አንዱ ስክሪን ይሠራል፣ ሌላው "ኖ ሲግናል" ይላል

ከሁሉም የሚበዛው ይሄ ነው። ኮምፒውተሩን አዙራችሁ ጀርባውን እዩ። ከዩኤስቢ መሰኪያዎቹ አጠገብ ያሉት የምስል መሰኪያዎች የማዘርቦርዱ (ሁሉም ክፍል የሚሰካበት ዋናው ሰሌዳ) ናቸው። ዝቅ ብለው ለብቻቸው የተደረደሩት የካርዱ ናቸው። ካርድ ሲገባ ብዙ ማዘርቦርዶች የራሳቸውን ግራፊክስ ያጠፋሉ። እና አንዱን ሞኒተር ካርዱ ላይ፣ ሌላውን ማዘርቦርዱ ላይ ከሰካችሁ ሁለተኛው ይጨልማል።

መፍትሄው ሁለቱንም ካርዱ ላይ መሰካት ነው። የካርዱ መሰኪያ ካልበቃ ኮምፒውተሩ ሲነሳ ዲሊት፣ ኤፍ2 ወይም ኤፍ10 ተጭናችሁ ባዮስ (ከዊንዶውስ በፊት የሚከፈተው የማዘርቦርዱ ማስተካከያ) ውስጥ ግቡ። "ኢንተርናል ግራፊክስ" ወይም "ማልቲ ሞኒተር" የሚል ፈልጋችሁ "ኢኔብልድ" አድርጉት። ሴቭ አድርጋችሁ ውጡ።

ይህ የሚሠራው ግን ፕሮሰሰሩ የራሱ ግራፊክስ ካለው ነው። ኢንቴል ኮር ሆኖ ቁጥሩ በኤፍ ፊደል የሚያልቅ ከሆነ፣ ለምሳሌ 12400ኤፍ፣ የለውም። ራይዘን 5 3600ም የለውም። በእነዚህ ላይ የማዘርቦርዱ መሰኪያ ምንም ብታደርጉት ምስል አይሰጥም።

ካርዱ ሦስት መሰኪያ አለው፣ ሦስተኛው ሞኒተር ግን እምቢ ይላል

ቀላል ፈተና አለ። ከሚሠሩት ሁለት ሞኒተሮች አንዱን ንቀሉ። ሦስተኛው ወዲያው ከበራ ካርዱም ገመዱም ደህና ናቸው፤ ካርዱ በአንድ ጊዜ ከሁለት በላይ አይችልም ማለት ነው። የጂፎርስ 400 እና 500 ካርዶች እንዲህ ናቸው። መሰኪያቸው ሦስት ቢሆንም በአንድ ጊዜ የሚያሠሩት ሁለት ብቻ ነው። በራዲዮን ኤችዲ 5000 ዘመን ካርዶች ደግሞ ሦስተኛው ሞኒተር ብዙውን ጊዜ ዲስፕሌይ ፖርት በሚባለው የምስል መሰኪያ መግባት አለበት። ርካሽ መቀየሪያ አድርጋችሁ ከሆነ አይቆጠርም፤ ምልክቱን ራሱ የሚቀይረው፣ አክቲቭ የሚባለው ዓይነት ያስፈልጋል።

መቀየሪያ ካነሳን አይቀር፣ አቅጣጫ አለው። ከዲስፕሌይ ፖርት ወደ ኤችዲኤምአይ የሚወስደው ገመድ ከኮምፒውተር ወደ ሞኒተር ብቻ ነው የሚሠራው። ገልብጣችሁ ብትሰኩት ዝም ይላል። እኛ ዘንድ ያገለገሉ የቢሮ ኮምፒውተሮች ስለሚበዙና ብዙዎቹ ዲስፕሌይ ፖርትና ቪጂኤ ብቻ ስላላቸው ይህ ስህተት ተደጋግሞ ያጋጥማል።

ሁለት ካርድ ገብቷል፣ አንዱ ላይ ቢጫ ምልክት አለ

ዲቫይስ ማኔጀር (የኮምፒውተሩ ክፍሎች የሚዘረዘሩበት የዊንዶውስ ገጽ) ውስጥ ቢጫ ሦስት ማዕዘን ካያችሁ ካርዱ ተበላሸ ብላችሁ አትደምድሙ። ሁለቱም የኤንቪዲያ ከሆኑ ዊንዶውስ ለሁለቱም አንድ ድራይቨር ነው የሚጠቀመው። ዘመናቸው ከተራራቀ ሁለቱን የሚያውቅ ድራይቨር አይገኝም። ጂቲ 710ን የሚያውቀው የመጨረሻው የድራይቨር ቤተሰብ 470 ነው። አርቲኤክስ 4060 ደግሞ ከዚያ አዲስ ይፈልጋል። አብረው አይሆኑም።

ያለው መውጫ ዘመናቸው የተቀራረበ ካርዶችን ማጣመር ነው። ወይም ትርፉን ሞኒተር ከላይ እንዳልኩት በፕሮሰሰሩ ግራፊክስ ማሠራት። እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ፤ ወጪ የለውም። ኢንቴልና ኤንቪዲያ በዊንዶውስ 10 ላይ ተስማምተው ይሠራሉ። እንዲያውም ለሁለት ሞኒተር ብሎ ሁለተኛ ካርድ መግዛት ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው። ደህና ካርድ ብቻውን ሦስትና አራት ሞኒተር ይችላል።

ሥራ ሲከብድ ኮምፒውተሩ ድርግም ይላል

እዚህ ላይ ረጋ በሉ፤ ምክንያቱ ሁለት ቦታ ሊሆን ይችላል። አንዱ ኬዙ ውስጥ ነው። ካርድ ከተሰካበት ቦታ የሚያገኘው ቢበዛ 75 ዋት ነው። ባለ 6 ፒን ገመድ 75፣ ባለ 8 ፒን 150 ዋት ይጨምራል። የሁለቱን ካርዶች ፍላጎት ደምሩ፣ የፕሮሰሰሩን ጨምሩ፣ ከዚያ ፓወር ሰፕላዩ (ለኮምፒውተሩ ኃይል የሚያከፋፍለው ሳጥን) ላይ የተለጠፈውን ቁጥር አንብቡ። የቢሮ ኮምፒውተሮች ፓወር ሰፕላይ ብዙ ጊዜ ትንሽ ነው። ከሳታ (ለሃርድ ዲስክ ኃይል ከሚሰጠው) ገመድ ወደ ካርድ የሚቀይር መቀየሪያ አትጠቀሙ። ያ ገመድ በ12 ቮልቱ መስመር 54 ዋት ገደማ ነው የሚችለው፤ ሲበዛበት ይቀልጣል።

ሌላው የቤቱ መስመር ነው። ኮምፒውተሩ የሚጠፋው እንጀራ በሚጋገርበት ሰዓት ከሆነ ካርዱን አትውቀሱ። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3 ኪሎ ዋትና ከዚያ በላይ ይስባል። መስመሩ ደካማ ከሆነ ቮልቴጁን ያወርደዋል። ምጣዱ ጠፍቶ ያንኑ ሥራ ሞክሩ። ካልጠፋ ምክንያቱን አገኛችሁት። ስታቢላይዘር አስገቡ፣ ከተቻለም ለኮምፒውተሩ የተለየ መስመር አስዘርጉ። መብራት ሄዶ ሲመጣ እስኪረጋጋ ጥቂት ደቂቃ ጠብቁ። ክረምት ላይ መብረቅ ሲበዛ ኮምፒውተሩንም ሞኒተሮቹንም ከግድግዳው ንቀሉ። ማብሪያውን ማጥፋት ብቻ አይበቃም።

ሁሉም በርቷል፣ ግን አይመችም

ሁለቱም ስክሪን አንድ ዓይነት ነገር ካሳዩ የዊንዶውስን ቁልፍና የፒ (P) ፊደልን አብራችሁ ተጫኑና "ኤክስቴንድ" በሉት። ማውሱ በቀኝ መሄድ ሲገባው በግራ ከወጣ ዲስፕሌይ ሴቲንግስ ውስጥ 1 እና 2 የሚሉትን ሳጥኖች ጎትታችሁ ጠረጴዛችሁ ላይ እንዳሉት አስቀምጧቸው። ባለ 4ኬ ሞኒተር ላይ ማውሱ የሚንቀራፈፍ ከሆነ አድቫንስድ ዲስፕሌይ ውስጥ 30 ኸርዝ እንዳይሆን እዩ። ኤችዲኤምአይ 1.4 በ4ኬ ከዚያ አያልፍም፤ በዲስፕሌይ ፖርት ስትሰኩት ወደ 60 ከፍ ይላል።