ለጥቂት ያመለጠ ዋንጫ፦ የአየርላንድ አጥቢያ ጌሊክ ተጫዋቾችን ትዝታ እንዴት እንመዝግብ?

የጌሊክ አትሌቲክስ ማኅበር በ1884 ተርልስ በተባለች የአየርላንድ ከተማ ተመሠረተ። ማኅበሩ የሚመራው የጌሊክ እግር ኳስ በእጅም በእግርም የሚጫወቱት የአየርላንድ ጨዋታ ነው፤ ተጫዋቹ እስከ ዛሬ ድረስ ደመወዝ አይከፈለውም፤ የሚሰለፈውም አብዛኛውን ጊዜ ላደገበት አጥቢያ ሲሆን፣ ጎበዝ ከሆነ ደግሞ ለካውንቲው፣ ማለትም ለአውራጃው፣ ይመረጣል። በዚህ ምክንያት የአጥቢያው ሽማግሌዎች ስለ ድሮ ተጫዋች ሲያወሩ የሚያነሡት ከሩቅ የሚያውቁትን ዝነኛ ሳይሆን መምህራቸውን፣ አናጺውን ወይም የጎረቤታቸውን ልጅ ነው። ይህ መመሪያ የተዘጋጀው እንዲህ ያለውን ወግ፣ በተለይም ለጥቂት ስላመለጠ ዋንጫ የሚነገረውን፣ በጽሑፍ ለማቆየት ለሚፈልግ ሰው ነው። ኑሮውን አየርላንድ ያደረገና ልጁን ወደ ክለቡ ሜዳ የሚያመላልስ ሐበሻ ከሜዳው ዳር ከቆሙት አረጋውያን ጋር ለመግባባት ከዚህ የተሻለ መንገድ አያገኝም ብዬ አምናለሁ። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከሁሉ አስቀድመው የውጤቱን አጻጻፍ ይልመዱ። ከአግዳሚው በታች መረቡን ያገኘ ኳስ ጎል ተብሎ ሦስት ነጥብ ያስገኛል፤ ከአግዳሚው በላይ በሁለቱ ቋሚዎች መካከል ያለፈ ደግሞ አንድ ነጥብ ነው። ውጤት ሲጻፍ ጎሉ ይቀድማል፣ ነጥቡ ይከተላል። በ2016ቱ የመላ አየርላንድ ፍጻሜ፣ ማለትም በካውንቲዎች ዋንጫ የመጨረሻ ጨዋታ፣ ደብሊን 2-9፣ ሜዮ 0-15 አስመዝግበው በአቻ ውጤት ተለያዩ፤ ሁለቱም 15 ነጥብ ነበራቸውና። ነገር ግን ይህ አኃዝ ብዙ ነገር ይደብቃል፤ ሁለቱንም የደብሊን ጎሎች በገዛ መረባቸው ያስቆጠሩት የሜዮ ተጫዋቾች ነበሩ። ድጋሚው ጨዋታም በደብሊን 1-15 ለ1-14 አሸናፊነት ተጠናቀቀ። ስለዚህ አንድ ሽማግሌ «እኛው ነን ራሳችንን ያሸነፍነው» ሲሉዎት ምሬት ብቻ አድርገው አይውሰዱት፤ አንዳንድ ጊዜ ቃል በቃል እውነት ነው።

የጨዋታው ደንብ በየዘመኑ ስለተለዋወጠ የድሮውን ውጤት በዛሬው መለኪያ አይመዝኑት። የመላ አየርላንድ ፍጻሜ እስከ 1969 ድረስ 60 ደቂቃ ነበር፤ ከ1970 እስከ 1974 ወደ 80 ከፍ አለ፤ ከ1975 ወዲህ 70 ሆነ። በ2025 ደግሞ ከ40 ሜትር ቅስት ውጭ ተመትቶ በቋሚዎቹ መካከል የገባ ኳስ ሁለት ነጥብ እንዲያስገኝ ተደነገገ። ስለዚህ ዛሬ ወጣቶቹ «በአዲሱ ሕግ ቢሆን ኖሮ እናሸንፍ ነበር» እያሉ የአባቶቻቸውን ሽንፈት እንደገና ሲያሰሉ ቢሰሙ አይደነቁ፤ ለጨዋታ ያህል ደስ ይላል፣ ለመዝገብ ግን አይበጅም።

ወደ ሰዎቹ ሲሄዱ ባዶ እጅዎን አይሂዱ፤ የቡድን ፎቶግራፍ ይያዙ። ፎቶግራፉን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው ዝም ይበሉ። ሰውየው መነጽራቸውን ያወጣሉ፣ ጣታቸውን ከኋላው ረድፍ ግራ ጫፍ ያሳርፉና ስም መጥራት ይጀምራሉ፤ አንዱ ላይ ሲደርሱ ጣታቸው ይቆማል። ወሬው ያለው እዚያ ነውና አያጣድፏቸው። «ለምን ተሸነፋችሁ?» የሚለው ጥያቄ የሚያመጣው ለዓመታት የተደጋገመውን መልስ ብቻ ነው። ይልቅስ ጎሉ ሲገባ የት ቆመው እንደነበር፣ ኳሱ ከማን እግር እንደተነሣ፣ ሜዳው ጭቃ እንደነበር፣ ማታ ወደ ቤት በምን እንደተመለሱ ይጠይቋቸው። የቦታና የአካል ትዝታ ከፍርድ ትዝታ ይልቅ ሳይበረዝ ይቆያል። ስኒና የጨው ዕቃ ደርድረው የተጫዋቾቹን አቋቋም ሊያሳዩዎት ከጀመሩ መቅጃዎን ብቻ አይመኑ፤ ድምፁ «ይሄ እዚህ፣ ያ እዚያ» ብቻ ስለሚል ሥዕሉን በወረቀት ይንደፉ።

በስም ጉዳይ ላይ ጊዜ ወስደው ይሥሩ። እንደ ኬሪ ባሉ ካውንቲዎች በአንድ አጥቢያ ውስጥ ኦሳሊቫን የሚባሉ ብዙ ቤተሰቦች ስለሚኖሩ ሰው የሚለየው በቅጽል ስሙ ወይም፣ እኛ እንደምናደርገው፣ በአባቱ ስም ነው፤ ሦስቱንም ይመዝግቡ። ከዚህ የሚከፋው ደግሞ የሐሰት ስም ነው። እስከ 1971 ድረስ ራግቢ ወይም ተራውን እግር ኳስ የተጫወተ የማኅበሩ አባል ይታገድ ስለነበር፣ በዚያ ሜዳ በሌላ ስም የተሰለፈ ጌሊክ ተጫዋች ጥቂት አልነበረም። የዘርዐ ክህነት ተማሪዎችም ለክለብና ለካውንቲ በተቀየረ ስም ይጫወቱ ነበር። ስለዚህ በጋዜጣ ላይ ማንም የማያውቀው ተጫዋች ካገኙ የማተሚያ ቤት ስሕተት ነው ብለው ከመሰረዝዎ በፊት በዚያ ዓመት ለክህነት ይማር የነበረ የአጥቢያው ልጅ መኖሩን ያጣሩ።

ጋዜጣን በተመለከተ፣ የካቫኑ አንግሎ ኬልትና የሜዮው ዌስተርን ፒፕል የአካባቢ ጨዋታዎችን በዝርዝር የዘገቡ ሳምንታዊ ጋዜጦች ናቸው፤ የየካውንቲው ቤተ መጻሕፍትም ድሮ የታተሙትን ያስነብባል። የሁለቱን ተጋጣሚዎች ወገን ዘገባ ጎን ለጎን ማንበብ ግድ ነው፤ በአንዱ «ግልጽ ጎል» የተባለው በሌላው «ዳኛው የሰጡት ጎል» ይባላልና።

አሁን ወደ ዋናው ችግር እንምጣ። ለጥቂት ያመለጠ ጨዋታ በሰው አእምሮ ውስጥ ወደ መጨረሻዋ ደቂቃ ይሰበሰባል፤ ሌላው ሁሉ ይጠፋል። የ1982ቱን ፍጻሜ እንይ። ኬሪ አራት ዋንጫ በተከታታይ ወስዶ እስከዚያ ድረስ ማንም ያላገኘውን አምስተኛውን ሊያነሣ ሁለት ነጥብ እየመራ ሳለ፣ የኦፋሊው ተቀያሪ ሼመስ ዳርቢ ከላይ የተጣለለትን ረጅም ኳስ ከተከላካዩ ከቶሚ ዶይል ጀርባ ይዞ፣ ዞሮ፣ መረቡ ውስጥ ቀላቀለው። ኦፋሊ 1-15 ለ0-17 አሸነፈ። ዳርቢ ዶይልን ገፍቶታል ወይስ አልገፋውም የሚለው ክርክር እስከ ዛሬ አልተቋጨም። ሆኖም ያ ጎል ብቻውን አላሸነፈም። ከዕረፍት በኋላ ማይኪ ሺሂ የመታውን ፍጹም ቅጣት ምት ግብ ጠባቂው ማርቲን ፈርሎንግ ባያድነው፣ ማት ኮነርም በመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች ሁለት ቅጣት ምቶችን አስቆጥሮ ልዩነቱን ከአራት ወደ ሁለት ባያወርደው ኖሮ የዳርቢ ጎል የሽንፈት ማጽናኛ ሆኖ ይቀር ነበር። የአጥቢያ ጨዋታም ሲጽፉ እንዲሁ ያድርጉ፦ መጨረሻዋን ደቂቃ ከሰሙ በኋላ ወደ ኋላ ተመልሰው ያን ደቂቃ የሚቻል ያደረጉትን ሁለት ሦስት ክስተቶች ይፈልጉ። የተረሳውን ተከላካይና ማንም የማያነሣውን ግብ ጠባቂ የሚያገኟቸው እዚያ ነው፤ በእኔ አስተያየት የሥራው ዋጋም ይኸው ነው።

አንዳንድ ቁጭት ደግሞ ወደ ዳኛው ያመራል። በ2010 ሌንስተር በተባለው የምሥራቅ አየርላንድ ክፍለ ሀገር ፍጻሜ የላውዝ ካውንቲ የሚዝን ካውንቲ በአንድ ነጥብ እየመራ፣ በጭማሪ ሰዓት የሚዙ ጆ ሸሪዳን ኳሱን በእጁ ይዞ የግቡን መስመር አልፎ ወደቀ፤ ደንቡ ባይፈቅድም ጎሉ ጸደቀ፣ ሚዝም 1-12 ለ1-10 አሸነፈ። ዳኛው ኋላ ስሕተቱን ቢያምኑም ድጋሚ ጨዋታ አልተደረገም። ከ1957 ወዲህ የሌንስተርን ዋንጫ አንሥቶ የማያውቀው ላውዝ ዋንጫውን ያገኘው በ2025፣ ያውም ሚዝን ረትቶ ነው። እንዲህ ያለ ጉዳይ በአጥቢያ ደረጃ ሲያጋጥም የተደረገውን በአንድ ዐረፍተ ነገር፣ ሰዎች የሚሉትን በሌላ ዐረፍተ ነገር ለይተው ያስቀምጡ። የሜዮን እርግማን አስቡት፦ የ1951ዱ አሸናፊ ቡድን ፎክስፈርድ ላይ የቀብር ሥነ ሥርዓት ሳያከብር በማለፉ ዳግመኛ ዋንጫ እንዳያነሣ ካህኑ ረገሙት ይባላል። እርግማኑን እንደ ታሪክ መመዝገብ ስሕተት ነው፤ አለመመዝገብም እንዲሁ፤ ምክንያቱም ሜዮ በ1996 ድጋሚ ጨዋታ፣ በ2013፣ በ2016 ድጋሚ ጨዋታና በ2017 ፍጻሜዎቹን እያንዳንዳቸውን በአንድ ነጥብ ሲያጣ ሕዝቡ ሕመሙን የገለጸው በዚያ ወሬ ነው። ባለፈ ክረምት ቤት አይሠራም የሚለው ተረታችን ሜዮ ውስጥ አይሠራም።

ሥራውን ለመጀመር ጥሩ ጊዜ የሚሆነው ጨዋታው 25 ዓመት ሲሞላው ነው። የመላ አየርላንድ ፍጻሜ በሚካሄድበት በደብሊኑ ክሮክ ፓርክ ስታዲየም በፍጻሜው ቀን ከ25 ዓመት በፊት ዋንጫ ያነሣው ቡድን ለተመልካች ይቀርባል፤ የተሸነፈውን ግን ማንም አይጠራውም፤ የአጥቢያው ሰው ካልሰበሰበው ሳይሰበሰብ ይቀራል። ጽሑፉ ሲያልቅ በሕይወት ያለ ሰው ቅጣት ምት ሳተ ወይም ጎል አስገባ የተባለበትን ክፍል ከመታተሙ በፊት ለራሱ ያንብቡለት። እርማቱን ይቀበሉ፤ «ይህን አውጣው» ካለዎት ግን ሌላ ምስክር እስኪያገኙ ድረስ ያቆዩት። ቅጂውን ለክለቡ ጸሐፊና ለካውንቲው ቤተ መጻሕፍት ይስጡ፤ በፎቶግራፉ ጀርባም ስሞቹን ከግራ ወደ ቀኝ በእርሳስ ይጻፉ፤ ቀለም ወደ ፊት ለፊቱ ሊሰርግ ይችላልና።