ታይ ምግብ ቤት ገብታችሁ ለየራሳችሁ አትዘዙ

የሰፈር ታይ ምግብ ቤት፣ ያ ወንበሩ ፕላስቲክ፣ ሜኑው ግን መጽሐፍ የሚያህለው ዓይነት፣ መጀመሪያ ሲገቡበት ግራ ያጋባል። ስለዚህ ሰው የሚያውቀውን አንድ ስም ፈልጎ ፓድ ታይ ያዛል። ፓድ ታይ ክፉ አይደለም፤ በታማሪንድ፣ በዓሣ ሶስና በስኳር የተጠበሰ የሩዝ ኑድል ማን ይጠላል? ግን አራት ሆናችሁ ገብታችሁ አራት ፓድ ታይ ካዘዛችሁ ተሸውዳችኋል።

ታዮች የሚያዙት ለጠረጴዛው ነው። በየሰዉ ፊት ነጭ ሩዝ፣ የቀረው ሁሉ መሃል። ከዚያ ከአንዱ ሳህን ትንሽ፣ ከሌላውም ትንሽ ወደ ሩዛችሁ እያመጣችሁ ትበላላችሁ። ሁሉንም በአንዴ አትከምሩት፤ ጣዕሙ ይደበላለቅባችኋል።

ለአራት ሰው እኔ እንዲህ ነው የማዘው። አንድ ሾርባ፦ ጎምዛዛና የሚያቃጥል ካማራችሁ ቶም ያም፣ ለስለስ ያለ ከፈለጋችሁ የኮኮናት ወተት ያለበት ቶም ካ። አንድ ካሪ፣ ማለትም በቅመም የተሠራ የታይ ወጥ። አንድ የተጠበሰ ነገር፣ አትክልት ቢሆን ይመረጣል። ከዚያ ሶም ታም፣ ማለትም ያልበሰለ ፓፓያ በቀጭኑ ተከትፎ ከሎሚ፣ ከቃሪያና ከኦቾሎኒ ጋር በሙቀጫ ወቀጥ ወቀጥ የተደረገ ሰላጣ። ዋናው ነገር እንዳይመሳሰሉ ነው። ቶም ካና አረንጓዴ ካሪ አንድ ላይ ካዘዛችሁ ሁለቱም ኮኮናት ናቸው፣ ግማሽ ሳትደርሱ ይሰለቻችኋል። ብቻችሁን ከሆናችሁ ደግሞ ፓድ ክራፓው እዘዙ፦ በቃሪያና በሶብላ በሚመስል ቅጠል የተጠበሰ የተፈጨ ሥጋ፣ ከሥሩ ሩዝ። እንቁላል ጥብስ ከላይ ይደረግልኝ ማለት እንዳትረሱ።

አሁን ወደ ቃጠሎው። አንድ ጊዜ አስተናጋጇ «ምን ያህል ይቃጠል?» ስትለኝ ጎበዝ ለመምሰል «እንደ እናንተ» አልኩ። ሶም ታሙ መጣ፣ ሁለት ጉርሻ በላሁ፣ ከዚያ በኋላ ጆሮዬ ሁሉ የሚጮህ መሰለኝ። ውሃ በላይ በላዩ ጠጣሁ፣ ምንም። የሚያቃጥለው ነገር፣ ካፕሳይሲን፣ በውሃ አይሟሟም፤ ነጭ ሩዝ ወይም ወተት ያለበት ነገር ይሻላል። ታዮች ሻያቸውን በኮንደንስድ (ወፍራምና ጣፋጭ በሆነ) ወተት የሚሠሩት ለዚህ ባይሆንም በዚያች ሰዓት ግን ነፍስ ያድናል። ስሙም እንዳያታልላችሁ፤ ብዙ ሰው ቀዩ ካሪ የባሰ ይመስለዋል፣ አረንጓዴው ግን ብዙ ጊዜ ይብሳል። ለስላሳው ማሳማን ነው፣ ቀረፋ፣ ድንችና ኦቾሎኒ ያለበት።

ስለዚህ ቀለል አስደርጋችሁ እዘዙ፣ ጠረጴዛው ላይ ትጨምራላችሁ። ብዙ ቦታ አራት ትንንሽ ዕቃ አብሮ ይቀመጣል፦ ቃሪያ የገባበት የዓሣ ሶስ፣ ቃሪያ የገባበት ኮምጣጤ፣ የተፈጨ ደረቅ በርበሬና ስኳር። አዎ፣ ስኳር፣ ለኑድሉ። መጀመሪያ ቅመሱ፣ ከዚያ ጨምሩ።

ቾፕስቲክ፣ ያንን ምግብ የሚያነሱበትን ሁለት ቀጭን እንጨት፣ አምጡልኝ ብላችሁ አትጨነቁ። ታዮች ራሳቸው ሩዝ የሚበሉት በማንኪያ ነው፤ ማንኪያ በቀኝ፣ ሹካ በግራ፣ ሹካው ምግቡን ወደ ማንኪያው ይገፋል እንጂ ወደ አፍ አይሄድም። ቾፕስቲክ ለኑድል ሾርባ ነው። የሚጣበቀውን ሩዝ ደግሞ በእጃችሁ ጠቅለል እያደረጋችሁ ወጡ ውስጥ ማጥቀስ ነው። ሾርባው ውስጥ እንጨት የሚመስል ነገር ካገኛችሁ የጠጅ ሳር ነው፣ ለሽታ የገባ ስለሆነ ወደ ጎን አድርጉት፤ እኔ ስንቴ አኝኬዋለሁ።

ሥጋና ዓሣ የማትበሉ ከሆነ «ሥጋ የለውም» የሚለው መልስ አይበቃችሁም። የአትክልት ጥብሱ ውስጥም ብዙ ጊዜ የዓሣ ሶስ አለ፣ ካሪው ውስጥ የሽሪምፕ (ትንሽ የባሕር እንስሳ) ድቁስ ሊኖር ይችላል። ለይታችሁ ጠይቁ። ኦቾሎኒ የማይስማማው ሰው ካለም ከማዘዛችሁ በፊት ተናገሩ።

ማንጎ በሚጣበቅ ሩዝ ለመጨረሻ አስቀሩ፣ ግን ማንጎው ዛሬ በስሎ እንደሆነ ጠይቁ። አስተናጋጁ ትንሽ ካመነታ ተዉት፣ ሻይ ጠጡ።