ተግሣጽ ከጥቃት የሚለይበት ወሰን፦ ለወላጆች የተዘጋጀ መመሪያ

ልጅን ማረም የወላጅ መብትም ግዴታም ነው፤ ይሁን እንጂ ሕግ ወሰኑን የሚያሰምርበት ቦታ ከአገር አገር ስለሚለያይ፣ አስቀድመው የሚኖሩበትን አገር የቤተሰብና የወንጀል ሕግ ይወቁ። ስዊድን እ.ኤ.አ. በ1979 በልጆች ላይ የሚፈጸም አካላዊ ቅጣትን ሙሉ በሙሉ ከልክላለች፤ ሌሎች አገሮች ግን «ምክንያታዊ» ያሉትን ቅጣት ዛሬም ይፈቅዳሉ።

በሚፈቀድበትም አገር ቢሆን የወላጅ በጎ ዓላማ ብቻውን ከተጠያቂነት አያድንም። የልጁ ዕድሜና ጤንነት፣ የተመታው የሰውነት ክፍል፣ መምቻው፣ የድርጊቱ መደጋገምና የደረሰው ጉዳት ይመዘናሉ። ጭንቅላትን መምታት፣ ማቃጠል፣ ማነቅ ወይም ምግብ መከልከል በምንም ሰበብ ተግሣጽ ሊባል አይገባም። ጨቅላን መነቅነቅ ደግሞ በውጭ የሚታይ ቁስል ሳይኖር አንጎልን ሊያደማና ሊገድል ስለሚችል፣ ለአፍታም ቢሆን ሊሞከር አይገባም።

የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መብቶች ስምምነት አንቀጽ 19 የአእምሮ ጥቃትንና ቸልተኝነትንም ያካትታል፤ ስለዚህ ዘወትር ማዋረድና ማስፈራራትም በቀላሉ አይታለፍም።

ቁጣ ሲያይልብዎ ልጁን አደጋ በማይደርስበት ስፍራ ትተው ራቅ ይበሉ፤ ከተረጋጉ በኋላ ጥፋቱን በዕድሜው ልክ ያስረዱት። ቅጣቱን ከሐኪም ወይም ከመምህር መደበቅ ካሰኘዎ፣ በእኔ እምነት ወሰኑን አልፈዋልና ሳይውሉ ሳያድሩ የባለሙያ እርዳታ ይጠይቁ።