የሚያሸና መድኃኒት በመኖሪያ ቤት እንዴት ይወሰዳል?

ፉሮሴማይድ የሚባለው የሚያሸና መድኃኒት ብዙ ጊዜ የሚታዘዘው የልብ ድካም፣ የኩላሊት ወይም የጉበት ሕመም ሰውነትን ሲያሳብጥ ነው። ኩላሊት ጨውና ውሃ እንዲያስወጣ ያደርጋል። እናቴን ሳስታምም እንዳየሁት፣ ክኒኑን መዋጥ ቀላል ነው። ሥራው ያለው ክትትሉ ላይ ነው።

ጠዋት ይወሰድ። በ1 ሰዓት ውስጥ መሥራት ይጀምርና ከ6 እስከ 8 ሰዓት ይቆያል። በቀን ሁለቴ ከታዘዘ፣ ሁለተኛው ከቀኑ 8 ሰዓት ባይዘገይ ጥሩ ነው። አለዚያ ሌሊቱን ሙሉ ሽንት ቤት መመላለስ ነው፤ አረጋውያን የሚወድቁትም እንዲህ ሲመላለሱ ነው።

አሁን ወደ ሚዛኑ። ብዙ ሰው እግሩን ተጭኖ ያያል፣ ካልጎደጎደ ድኛለሁ ይላል፣ መድኃኒቱንም ያቆማል። እግር ግን ዘግይቶ ነው የሚናገረው። ውሃው መጠራቀም ሲጀምር ቀድሞ የሚያሳየው ክብደት ነው። ስለዚህ በየቀኑ ጠዋት፣ ከሽንት በኋላ፣ ከቁርስ በፊት፣ በቀላል ልብስ ይመዘኑ። ሚዛኑ ያው አንዱ ይሁን፤ ምንጣፍ ላይ አይቀመጥ። እኔ ዲጂታሉን እመርጣለሁ፤ በባለ መርፌው ሚዛን ግማሽ ኪሎ ለማንበብ መጨቃጨቅ ነው። ቁጥሩን ደብተር ላይ ይጻፉ፤ በቃል መያዝ አያዋጣም። በ1 ወይም 2 ቀን ውስጥ 1 ኪሎ ተኩል ገደማ፣ ወይም በሳምንት ከ2 ኪሎ በላይ ከጨመረ ሐኪሙ ጋ ይደወል። ስብ በ2 ቀን እንዲህ አይመጣም፣ ውሃ ነው። በተቃራኒው ክብደቱ እየወረደ ሲነሱ ካዞረ፣ አፍ ከደረቀና ሽንት ካነሰ፣ ውሃው ከመጠን በላይ ወጥቷል፤ ይህም ያስደውላል።

የደም ምርመራውን አይዝለሉ። ፉሮሴማይድ ፖታሲየም የሚባለውን የደም ማዕድን ያወጣል፤ ሲያንስ ጡንቻ ይጨመድዳል፣ የልብ ምት ይዘባረቃል። ዲጎክሲን የሚባለውን የልብ መድኃኒት ለሚወስድ ሰው የባሰ አደገኛ ነው። ስፓይሮኖላክቶን የሚባለው ሌላ የሚያሸና መድኃኒት ግን ፖታሲየምን ያስቀራል፤ እሱን የሚወስድ ሰው ሐኪም ሳያማክር የፖታሲየም ክኒን ወይም ፖታሲየም ያለበትን «የጨው ምትክ» የሚባለውን አይንካ።

ለራስ ምታት ብለው ኢቡፕሮፌን ወይም ዳይክሎፌናክ አይዋጡ። የመድኃኒቱን ሥራ ያዳክማሉ፣ ኩላሊትንም ይጎዳሉ፤ በተለይ ኢናላፕሪል የሚባለው የደም ግፊትና የልብ መድኃኒት አብሮ ካለ። ፋርማሲስቱን ሌላ ማስታገሻ ይጠይቁ።

ተቅማጥ ወይም ትውከት ከያዘ፣ የሚቀጥለውን ክኒን ከመዋጥ በፊት ሐኪም ይጠየቅ። የተረሳን ክኒን ለማካካስ ደግሞ ሁለት አንድ ላይ አይወሰድም።