ጉልበት አነሰው የተባለ ብሌንደር፦ ችግርና መፍትሄ

ባሕር ዳር ውስጥ በምሠራባት ጠባብ የጥገና ክፍል ብሌንደር ይዘው የሚመጡ ሰዎች ጥያቄያቸው ብዙ ጊዜ አንድ ነው፤ «ይህ ደክሟል፤ ጉልበት ያለው የትኛውን ልግዛ?» እኔ ደግሞ ጠዋት ጠዋት ምን እንደሚፈጩበት፣ የቱን አስቀድመው እንደሚጨምሩ፣ የት እንደሚሰኩት ሳልጠይቅ አልመልስም። ብዙዎቹ አዲስ ሳይገዙ ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ። ሻጮች በዚህ አይወዱኝም።

ምንም ነገር ከመነካካትዎ በፊት ሶኬቱን ይንቀሉ። ማጥፊያውን መጫን አይበቃም። መብራት እንደጠፋ ጣትን ከስለቱ ሥር ማስገባት የሚያስከትለውን አይቻለሁ፤ መብራቱ ሳይነግር ይመለሳል።

«ይጮኻል እንጂ አይፈጭም»

ከሁሉም የሚበዛው አቤቱታ ይህ ነው። ሞተሩ ሰፈር ይቀሰቅሳል፤ ከላይ ያለው አቮካዶ ግን ንቅንቅ አይልም። የእኛ ጁስ በማንኪያ የሚበላ ወፍራም ነገር መሆኑን አይርሱ። ስለቱ በዙሪያው ያለውን ፈጭቶ ይገፋዋል፤ ከላይ ያለው ወፍራም ስለሆነ ተንሸራቶ አይወርድም፤ በመካከል የአየር ክፍተት ይፈጠራል። ከዚያ በኋላ ስለቱ የሚቆርጠው አየር ነው፤ አየር ለመቁረጥ ደግሞ ሁለት እጥፍ ጉልበት ቢጨመር ለውጥ የለውም።

ባለፈው አንዲት እናት ይህንኑ ችግር ይዘው መጡ። «እማማ፣ ውሃው የሚገባው መቼ ነው?» አልኳቸው። «መጨረሻ ላይ ነዋ ልጄ! ውፍረቱን ሳላይ እንዴት ብዬ?» አሉኝ። ለወጥ ትክክል ነው፤ ለብሌንደር ግን ተገላቢጦሽ ነው። ውሃው ወይም ወተቱ አስቀድሞ ይግባ፤ ለሁለት መካከለኛ አቮካዶ አንድ ብርጭቆ ያህል። ቀጥሎ ፓፓያው ወይም ማንጎው፣ ከላይ ሙዙና አቮካዶው። ጆጉ ከሁለት ሦስተኛ በላይ አይሙላ። በዝቅተኛው ፍጥነት አስነስተው እያቋረጡ ሦስት አራት ጊዜ ካስነኩት በኋላ ፍጥነቱን ይጨምሩ። ጉድጓድ ከሠራ አጥፍተው፣ ነቅለው፣ በእንጨት ማንኪያ ይግፉት።

ተልባ የሚጨምሩ ከሆነ ሌላ ወጥመድ አለ። ተልባ ውሃ ሲነካው ይዝለገለጋል፤ ፍሬው ሳይደቅ በስለቱ ዙሪያ ይንሸራተታል። ቆልተው፣ አቀዝቅዘው፣ በደረቅ ጆግ ለብቻው ይፍጩትና መጨረሻ ላይ ይጨምሩት።

«ያቃስታል፣ ስለቱ ግን አይዞርም»

ሞተሩም ስለቱም ቆመው ድምፅ ብቻ ካለ፣ የያዘው ነገር አለ ማለት ነው። የአበሻ ማንጎ ክር በስለቱ ሥር ተጠምጥሞ አገኛለሁ፤ አንዳንዴም የማንጎ ፍሬ ስባሪ። በቶሎ ያጥፉት፤ ታስሮ የቆመ ሞተር በጥቂት ጊዜ ውስጥ ይቃጠላል። ክሩን በሹካ ጫፍ ፈትተው ያውጡ። ለወደፊቱ ክር የሚበዛበትን ማንጎ አጥንቱ ላይ ሳይደርሱ ቆርጠው ይጠቀሙ።

ሞተሩ እየዞረ ስለቱ ከቆመ ግን ጆጉን አንስተው ሁለቱን የሚያያይዘውን ጥርስ ይመልከቱ። ከጎማ ወይም ከፕላስቲክ የሚሠራው ከሞተሩ በፊት እሱ እንዲያልቅ ነው። ጫፉ ተልጦ ከዶለዶመ ይቀየራል፤ ከአዲስ ብሌንደር ጋር ሲነጻጸር ዋጋው ኢምንት ነው። ቶሎ የሚያልቀው ሞተሩ ሳይቆም ጆጉን ከሚያነሱ ሰዎች እጅ ነው።

«ይሞቃል፣ ይሸታል፣ በድንገት ይቆማል»

ብዙዎቹ ሞተሩ ሲግል ራሱን የሚያጠፋ መከላከያ አላቸው። ሞተ ብለው አይጣሉት፤ ከ30 እስከ 45 ደቂቃ ያቀዝቅዙት። የቤት ብሌንደር አንድ ደቂቃ ሠርቶ እንዲያርፍ የተሠራ ነው፤ የጁስ ቤት ሥራ አይጫንበት። ሽታው ከተደጋገመና በአየር መውጫው በኩል ትልልቅ ብልጭታ ከታየ ካርቦኑ፣ ማለትም ለሚዞረው የሞተሩ ክፍል ኤሌክትሪክ የሚያደርሱት ሁለት ትንንሽ ቁራጮች፣ አልቋል፤ ሁለቱም በአንድ ላይ ይቀየራሉ።

«ማታ ማታ ይደክማል»

ይህ የብሌንደሩ ጥፋት አይደለም። መስመራችን 220 ቮልት መሆን ሲገባው፣ ሰው ሁሉ እራት በሚሠራበት ሰዓት ሊወርድ ይችላል፤ ቮልቴጁ ትንሽ ሲወርድ የሞተሩ ጉልበት ከዚያ በባሰ መጠን ይወርዳል። በዚያው መስመር ላይ የኤሌክትሪክ ምጣድ ከተጣደ ደግሞ አይጠየቅም። ከጣና ሐይቅ የሚወጣው ውሃ 460 ሜጋዋት እንዲያመነጭ የተገነባውን የበለስ ጣቢያ ያሽከረክራል፤ የሐይቁ ዳር ነዋሪ ብሌንደር ግን እንጀራ ሲጋገር ያንቀላፋል! ጁሱን ከምጣዱ በፊት ይሥሩ፤ በቀጭን ማከፋፈያ ገመድ ሳይሆን በቀጥታ ከግድግዳው ይሰኩ። ችግሩ የዘወትር ከሆነ ቮልቴጁን የሚያስተካክል ስታብላይዘር ይግዙ።

«ተሰካ፣ ጮኸ፣ ጨሰ»

ከአሜሪካ በስጦታ የመጣ ነው፤ ገና ሳልከፍተው አውቀዋለሁ። የተሠራው ለ120 ቮልት ነው። ከሥሩ ያለውን ጽሑፍ ሳያነቡ አይሰኩ። ትራንስፎርመር ይሠራለታል፤ ነገር ግን 1,400 ዋት ለሚወስድ ብሌንደር ከ2,000 ዋት ያላነሰ ያስፈልጋል።

ቀላል ቀላሎቹ

ከሥሩ ካንጠባጠበ የጎማ ቀለበቱን ይቀይሩ። ፓፓያ በወተት ከመረረ ብሌንደሩን አይክሰሱ፤ በፓፓያው ውስጥ ያለ ኢንዛይም የወተቱን ፕሮቲን ስለሚሰባብር ነው፤ ወዲያው ይጠጡት ወይም በውሃ ይሥሩት። አቮካዶው ከጠቆረ ጥቂት ሎሚ፣ የዘጌ ከተገኘ የተሻለ። ነጭ ሽንኩርት ከሸተተ ለቁሌት የሚፈጩበትን ጆግ ይለዩ።

ይህ ሁሉ ተሞክሮ አልሆነም? እንግዲህ ይግዙ

ካርቶኑ ላይ «4,500 ዋት» የሚል ቢያዩ በልብዎ ያስሉ። የቤት ሶኬት ቢበዛ 16 አምፒር ይሸከማል፤ በ220 ቮልት ሲባዛ 3,520 ዋት ነው። በዚያ ሶኬት የሚሰካ ዕቃ ከዚያ በላይ እየወሰደ ሊሠራ አይችልም። በፈረስ ጉልበት ከተጻፈ አንዱ 746 ዋት ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚጻፈው ግን ለቅጽበት የሚደርስበት ጣሪያ ነው። በየቀኑ ለሁለት ለሦስት ሰው ለሚሆን ጁስ ከ800 እስከ 1,000 እውነተኛ ዋት ይበቃል። የብርጭቆ ጆግ ይከብዳል፤ ሽታ ግን አይዝም። እኔ እሱን እመርጣለሁ።

ከመክፈልዎ በፊት ባለሱቁን «የዚህ ጥርስና የጎማ ቀለበት ለብቻው አለ?» ብለው ይጠይቁ። ወደ መደርደሪያው ጎንበስ ካለ ይግዙ። ወደ ጣሪያው ቀና ካለ ካርቶኑን መልሰው ያስቀምጡ።