ዕዳ እያለባችሁ የሴኪዩሪቲ ክሊራንስ ፎርም ስትሞሉ

ሰሞኑን አንድ ልጅ ደወለልኝ፣ ቨርጂኒያ ሄልፕ ዴስክ ስራ አግኝቶ ካምፓኒው ለክሊራንስ (የመንግስት ሚስጥር ለማየት ሚሰጥ ፈቃድ ነው) ስፖንሰር ላርግህ ሲለው "የክሬዲት ካርድ ዕዳ አለብኝ፣ መጣሌ ላይቀር ምን አለፋኝ" ይለኛል። እንዴ! የአሜሪካ ሲቲዝን ከሆናችሁና ስፖንሰር ሚያረጋችሁ ካገኛችሁ (በራስ ማመልከት አይቻልም) ዕዳ አለብኝ ብላችሁ ብቻ እንዳትተዉት። ይሄን ያህል ዶላር ካለብህ አበቃልህ የሚል ቁጥር የለም፣ የክሬዲት ስኮር መቁረጫም የለም። ከጁን 2017 ጀምሮ ሚሰራበት መመሪያ 13 መመዘኛ አለው፣ የኛ ጉዳይ ጋይድላይን ኤፍ ሚሉት ነው፣ እሱም ሚያየው ዕዳው እንዴት እንደመጣና ከመጣ በኋላ ምን እንዳረጋችሁ ነው። የመንግስት ሰዎች ዕዳዬ ምን አገባቸው ካላችሁ፣ ኦልድሪች ኤምስ ሚባል የሲአይኤ ሰው ነበር፣ ፍቺና ዕዳ ሲያጣብቀው 1985 ላይ ለሶቪየቶች ሚስጥር መሸጥ ጀመረ፣ 1994 እስኪያዝ ድረስ ከ2 ሚሊየን ዶላር በላይ በልቷል። ሚፈሩት ይሄንን ነው።

ፎርሙን ከመክፈታችሁ በፊት የክሬዲት ሪፖርታችሁን አውጡ፣ ከኤክዊፋክስም ከኤክስፒሪያንም ከትራንስዩኒየንም፣ አኒዋል ክሬዲት ሪፖርት ዶት ኮም ላይ በየሳምንቱ በነፃ ይሰጣል። ሶስቱንም ነው ምላችሁ፣ አንዱ ላይ የሌለ ሌላው ላይ ይገኛል። እኔ ሳወጣ 214 ዶላር ኮሌክሽን ገብቶ (ለዕዳ ሰብሳቢ ተላልፎ) አገኘሁ፣ ለካ ሲልቨር ስፕሪንግ ከነበርኩበት አፓርታማ ስወጣ ያልመለስኩት የኢንተርኔት ሞደም ነው፣ ደብዳቤው ሁሉ ወደ ድሮው አድራሻ ሲሄድ ከርሟል። ከፍዬ ደረሰኙን አስቀመጥኩ።

ፎርሙ ኤስ ኤፍ 86 ነው፣ አሁን ኢ-አፕ ሚባለው ላይ ነው ሚሞላው፣ የገንዘቡ ክፍል 26 ቁጥር ነው። ያለፈውን 7 ዓመት ይጠይቃል፣ ኮሌክሽን የገባ፣ ከ120 ቀን በላይ ሳይከፈል የቆየ፣ ባንክራፕሲ (በፍርድ ቤት ኪሳራ ማወጅ)፣ ባለመክፈል የተወሰደ መኪና ምናምን፣ በቁማር የመጣ የገንዘብ ችግር ግን መቼም ይሁን ይጠይቃል። እና እዚህ ጋ ልብ በሉ፣ ኮ-ሳይን ያረጋችሁትም (ለሌላ ሰው ብድር የፈረማችሁት) ይቆጠራል። እኛ ደግሞ እምቢ ማለት አናውቅበትም፣ የአክስቴ ልጅ ካምሪ ሲገዛ እኔም ፈርሜያለሁ፣ "አንድ ቀን አላሳልፍም" ብሎኝ ሁለት ወር አሳለፈ። የፈረማችሁለት ሰው ካለ ባንኩ ጋ ደውሉና የከፈለበትን ዝርዝር አውጡ፣ ከሱ አካውንት እንደሚወጣ ሚያሳይ ስቴትመንትም ያዙ።

ከካርድ ይልቅ እኔን ሚያስፈራኝ ታክስ ነው። ኡበርና ታክሲ ሚነዳ ሰው መክፈያ የለኝም ብሎ ሳይሞላ ሁለት ሶስት ዓመት ያሳልፋል፣ መመሪያው ላይ ደግሞ ታክስ አለመሙላት ራሱን ችሎ ተፅፏል። ባይኖራችሁም ሙሉ፣ ከዛ ከአይ አር ኤስ ጋር በወር በወር ለመክፈል ተስማሙና ሳታቋርጡ ክፈሉ፣ እንደዛ ያረገ ሰው ይታይለታል።

ማብራሪያ ስትፅፉ እንባ አያስፈልግም። "ማርች 2020 ከስራ ተቀነስኩ፣ ሁለት ካርድ መክፈል አቆምኩ፣ ኦገስት 2021 ስራ እንደጀመርኩ ደውዬ ተስማምቼ በወር 150 ዶላር እየከፈልኩ ነው፣ ደረሰኙ አለ" በቃ። ከስራ መባረር፣ ህመም፣ ፍቺ፣ የቤተሰብ ሞት፣ ማንነት መሰረቅ ይታሰብላችኋል፣ ግን ከዛ በኋላ እጃችሁን አጣጥፋችሁ ካልተቀመጣችሁ ነው። በሬድዮ "ዕዳህን በግማሽ እናስቀርልሃለን" ሚሉትን ትታችሁ ለትርፍ ያልቆመ የክሬዲት አማካሪ ጋ ሂዱ፣ መመሪያው በጎ ሚቆጥረው እሱን ነው።

ሌላው ሪፖርቱ ላይ ቻርጅ ኦፍ ሚለውን ቃል አይቶ ተሰረዘልኝ ብሎ ሚደሰት ሰው አለ። አልተሰረዘም፣ ባንኩ በራሱ መዝገብ ኪሳራ ብሎ ያዘው እንጂ ዕዳው አሁንም የናንተ ነው። 7 ዓመት ሞልቶት ከሪፖርቱ ቢጠፋም ከፈልኩት ማለት አትችሉም። መደበቅ ደግሞ ጭራሽ አታስቡት፣ ክሬዲታችሁን እነሱም ያወጡታል፣ ሚስተካከል ዕዳ ላይ ውሸት ሲደረብ ሌላ መመዘኛ ይጨመርበታል፣ አውቆ መዋሸቱም እስከ 5 ዓመት ሚያሳስር የፌደራል ወንጀል ነው።

ዕዳውን በእቁብ ለመዝጋት ያሰባችሁ ካላችሁ ጥሩ፣ ግን 15 ሺህ ካሽ ሲደርሳችሁ ባንክ እንዳይጠረጥረኝ ብላችሁ በ4 ሺህ በ5 ሺህ እየቆራረጣችሁ እንዳታስገቡ። ባንኩ ከ10 ሺህ በላይ ካሽ ሲገባ ሪፖርት ያደርጋል፣ ችግር የለውም፣ ወንጀሉ ከሪፖርቱ ለማምለጥ መቆራረጡ ነው። አንዴ አስገቡና ከእቁቡ ፀሐፊ ዝርዝሩን በፎቶ ያዙ። ለእናታችሁ አዲስ አበባ ምትልኩትንም ፎርሙ ሌላ ክፍል ላይ ይጠይቃል፣ እልካለሁ በሉ።

ክሊራንሱ ከወጣ በኋላም ክሬዲታችሁን መከታተላቸውን አይተዉም፣ ባንክራፕሲ ካስገባችሁ ወይም አንዱ ክፍያ 120 ቀን ካለፈ ቀድማችሁ ለካምፓኒው ኤፍ ኤስ ኦ (የሴኪዩሪቲ ሃላፊው) ንገሩ። የኮንትራክተር ሰራተኛ ሆናችሁ ጥያቄ ካላቸው የምክንያት ዝርዝር ያለበት ደብዳቤ ይደርሳችኋል፣ ከደረሳችሁ ቀን ጀምሮ 20 ቀን ነው ያላችሁ፣ አንድ በአንድ በፅሁፍ መልሱ፣ ከፈለጋችሁ ዳኛ ፊት መቅረብ ትችላላችሁ። ዳኞቹ ያሉበት መስሪያ ቤት ዶሃ ይባላል (የኳታሯ አይደለችም)፣ የድሮ ውሳኔዎችን የሰዎቹን ስም እየደበቀ ኦንላይን ያወጣል፣ የናንተን ሚመስል ፈልጋችሁ አንብቡ፣ ደብዳቤው ሲመጣ ደንግጦ መክፈል የጀመረና ቀድሞ የጀመረ ሰው እንዴት እንደሚለያይ እዛ ታያላችሁ። ቤት ከቀየራችሁ ደግሞ አዲሱን አድራሻ ዛሬውኑ አሳውቁ፣ እንደኔ ሞደም ደብዳቤው የድሮው በር ላይ እንዳይቀር።